ከመጋረጃው ወዲያ የመጣው ትእዛዝ

መጀመሪያ የተሰማኝ ብርድ ነው። ምስር እየለቀምሁ ሳለ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ጉንፋን መስሎኝ ጋቢ ደረብሁ። ልጄን ላጠባ ስል ግራ ጡቴ ቀልቶ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ልጁ አፉን ሲያስገባ ጮህሁ። ሁለት ቀብሬ ያገኘሁት ልጅ ነው፤ ወተቴ ከደረቀ እሱም እንደ ወንድሞቹ ሊሆን ነው ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች።

ያን ጊዜ ጃንሆይ ጋፋት ላይ መድፍ ያስቀልጡ ነበር፤ ባሌም ከሰል ይዞ ወደዚያው ወርዷል። ጎረቤቶቼ ወንዛዬ ፍል ውሃ እንውሰዳት አሉ። በምን አቅሜ! በቃሬዛ ደብረ ታቦር፣ አያ ገብሬ ዘንድ አደረሱኝ። ወጌሻ ናቸው፤ ስብራት ይጠግናሉ፣ እባጭ ያፈርጣሉ።

የሴት ገላ ግን አያዩም። በመካከል መጋረጃ ተጋርዶ እሳቸው ከወዲያ ይቀመጣሉ፤ ከወዲህ ሙያውን የሚያስተምሯት ብርቄ ትሠራለች። ብርቄ ወላጆቿ በፈንጣጣ ያለቁባት፣ ገና ያላገባች ልጅ ናት። ያን ዕለት የፈተናዋ ቀን መሆኑን ማን ነገረኝ? ማንም አልነገረኝም!

ጡቴን ዙሪያውን ዳሰሰች።

«ምን አገኘሽ?» አሉ አያ ገብሬ ከመጋረጃው ወዲያ።

«ጠንካራ ነው፤ ያተኩሳል።»

«በይ ቁረጪው።»

ምላጩን አየሁ። ዓይኔን ጨፈንሁ። ጠበቅሁ። ምንም የለም።

«አልቆርጥም» አለች።

ክው አልሁ። ተማሪ አስተማሪዋን እንቢ ስትል!

«ቁረጪ ብዬሻለሁ! ሴትዮዋ ትሞትብሻለች!»

ብርቄ ግን «አልበሰለም አያ። መግል አልያዘም። አሁን ብቆርጠው የወተቱን መንገድ አበላሻለሁ። ከፈለጉ ያባርሩኝ» ብላ ምላጩን አስቀመጠችው።

ከዚያ ሽማግሌው ሳቁ። «ከዛሬ ጀምሮ ምላጩ ያንቺ ነው» አሏት።

ለካስ ፈተና ኖሯል! በእኔ ጡት! በልጄ ጉሮሮ! ትኩሳቱን ረስቼ ብድግ አልሁ። «አያ ገብሬ፣ እሺ ብላ ቢሆንስ? እኔን መች ጠየቁኝ?» አልኋቸው። «ልትቆርጥ ብትል ልይዛት እጄ መጋረጃው ላይ ነበር» አሉኝ። መጋረጃ ላይ ያለ እጅ ምላጭ ይቀድማል እንዴ?

ከዚያ ወዲያ ብርቄ ከጎኔ አልተለየችም፤ የተፈጨ ተልባ በሙቅ ውሃ ለውሳ በጨርቅ ታስርልኛለች፣ የቆመውን ወተት በእጇ ቀስ አድርጋ ታልባለች፣ ልጄንም በቀኙ እንዳጠባ ታመቻችልኛለች። እባጩ ለስልሶ፣ ሲጫኑት ውሃ እንደያዘ አቁማዳ ሲል «አሁን» ብላ በትንሹ በጣችው። መግሉ ወጣ። ትኩሳቱ ሲለቀኝ ርቦኝ ገንፎ አምጡልኝ አልሁ፤ ቁስሉ ሲጠግግም ልጄ በግራውም ጠባ። ተመስገን!

እንዲህ ያለ ሕመም የያዘሽ እኅቴ፣ ብርዱን ጉንፋን ነው ብለሽ አትተኚ፤ ማጥባቱንም አትተዪ። ምላጭ የያዘ ሰው ሲቀርብሽ በስሏል ወይ ብለሽ ጠይቂ። አያ ገብሬ አስተምረዋታልና እግዜር ይስጣቸው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አኩርፌያቸዋለሁ።

ብርቄ ልትዳር ስትል እናት ሆኖ የሚቆምላት አልነበረም። ሽማግሎች ሰብስቤ፣ እንደ ወጋችን ጡቴ ላይ ማር ቀብቼ የጡት ልጄ አደረግኋት። ግራውን ነው የሰጠኋት። ጠባሳው ላይ ከንፈሯን ስታሳርፍ ሁለታችንም አለቀስን። አፍ የፈታው ልጄ እኔም ብሎ ቀሚሴን ሲጎትት «ቆይ፣ እኅትህ ትቅደም» አልሁት።