የእትዬ ውዴ «ተሻለኝ»

ባለፈው ሳምንት ገበያ መሀል የተወቀጠ ፌጦ ሸተተኝና ባለሁበት ቆምኩ። ያ የሚያቃጥል ሽታ ለእኔ የእትዬ ውዴ ቤት ሽታ ነው። በጃንሆይ ዘመን ብቸና ዳር ስንኖር አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤታችን ነበሩ። ቁርጥማት ይዟቸው ስለነበር ፌጦውን በሎሚ ለውሰው ጣታቸውና ጉልበታቸው ላይ ይለጥፉት ነበር።

ከመታመማቸው በፊት እንደ እሳቸው ያለ ፈታይ አልነበረም። ተረበኛም ነበሩ። የእኔን ውፍራም ፈትል ወደ ብርሃን እያነሱ «ይኸ ክር ነው ወይስ የአህያ መጫኛ?» ይሉኝና እስኪያመኝ ያስቁኝ ነበር።

ከዚያ በረታቸው መጉደል ጀመረ። ጊደሯ ለጠበል ጉዞ ስንቅና ለበቅሎ ኪራይ ተሸጠች። ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ደግሞ ሞጣ ላይ መርፌ ለሚወጋ አንድ ከሠራዊት የተሰናበተ ሰው ክፍያ ዋለ። መርፌው ሦስት ሳምንት አሻላቸው፤ ከዚያ ጣታቸው ከፊተኛው ብሶ አበጠ። ባላቸው ጋሼ ጫኔ የቀረውን በሬ፣ ቦራን፣ ከእኛ በሬ ጋር እያቀናጁ ያርሱ ጀመር። እኛም ያለን ያው አንድ በሬ ነበር።

ጋሼ ጫኔ ቦራንም ሸጠው ለሁለተኛ መርፌ ሊወስዷቸው ሲነሱ እትዬ ውዴ እናቴን ጠርተው ቃል አስገቧት።

«ቦራ ከወጣ ልጆቼ ምን ይበላሉ? ተሻለኝ እላለሁ። አንቺ ፈትይልኝ፤ ለማንም እንዳትናገሪ።»

ከዚያ ወዲያ እናቴ የፈተለችውን በነጠላዋ ሸሽጋ ታደርስላቸው ነበር። ጋሼ ጫኔ ከእርሻ ሲገቡ ፈትሉ የሚስታቸው ጭን ላይ ነው። «ተሻለሽ?» ሲሏቸው «ተሻለኝ፣ መርፌው ዘግይቶ ያዘልኝ» ይላሉ። እትዬ ውዴ ግንባር ላይ ግን ላብ ችፍ ሲል አይ ነበር። ምን እንደምፈራ ሳላውቅ እፈራ ነበር።

ጋሼ ጫኔ ደስታቸውን ቤት ውስጥ መያዝ አልቻሉም። በገበያው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በማኅበሩ ጠላ ላይ የሞጣውን መርፌ አወደሱ። አባቴም ይሰማል። ጉልበቱ ማበጥ ከጀመረ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ እርፍ ይዞ እስከ ረፋድ መቆም አቅቶታል።

ግንቦት ላይ አንድ ማለዳ በሬያችንን ፈቶ አወጣ።

«ሸጬው ሞጣ ልሄድ ነው» አላት እናቴን። «የውዴን እጅ ያዳነ የእኔን ጉልበት አያቅተውም።»

እናቴ አፏን ከፈተች። እትዬ ውዴ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ዓይናቸውን እሷ ላይ ተክለዋል። «እግዜር ያቅናህ» ብላ ወደ ቤት ገባች። ለዚያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ እናደድባታለሁ፤ ቃል የሰጠች ሴት ምን ታድርግ እልና ደግሞ አዝንላታለሁ።

አባቴ በምርኩዝ ሄዶ በምርኩዝ ተመለሰ። ዝናቡ ሲጥል ቦራ የሚቀናጀው አጣ፤ በአንድ በሬ አይታረስ። የሁለታችንም ማሳ በዚያ ክረምት ጦሙን አደረ። ኅዳር ላይ ቦራ ለእህል መግዣ ሲነዳ እትዬ ውዴ አላለቀሱም። የተጣመሙ ጣቶቻቸውን ለባላቸውና ለአባቴ ዘርግተው «እዩት፣ ተሻለኝ ካልኩ ወዲህ አንድ ቀንም አልተሻለኝም» አሉ።

አሁን የእኔም ጣቶች ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ይሉኛል። ልጄ «ተሻለሽ እማዬ?» ስትለኝ አፌ ላይ የሚመጣው ያው የእትዬ ውዴ ቃል ነው። ዋጥ አድርጌው «አልተሻለኝም» እላታለሁ። ምን እንደምትሸጥ እያሰበች መሆኑን አውቃለሁ።