ሳያልቅ የተቆረጠው የመሠዊያ ልብስ

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ነው። ንፋስ ጣሪያውን ገልብጦበት፣ ግድግዳውን ዝናብ ሲበላው የኖረው ቤተ ክርስቲያናችን ታደሰ። እኛ የአርባ ምንጭ ካቶሊኮች ብዙ አይደለንም፤ አንዱ አሸዋ ተሸከመ፣ ሌላው ቆርቆሮ መታ። ከኦቾሎ በመጣ ድንጋይ አዲሱ መሠዊያ ሲቆም ባሌ፣ «ልብሱን እኔ እሠራለሁ» አለ። የጨንቻ ሸማኔ ነው፤ ሌላ ምን ይላል። ፈትሉን እኔ ፈተልኩ። በእኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ አንድ ኩታ የሁለት ሰው እጅ ነው።

ጎረቤታችን የመምህሩ ሚስት ከጎጃም የመጣች ኦርቶዶክስ ናት። በአጥሩ በኩል ብቅ እያለች ባሌን ትነካካዋለች።

«ለጠረጴዛ ነው እንዲህ ወገብህ የሚቆረጠው?»

«ለዚያ ለቀጭኑ ባልሽ ጋቢ ስታዢኝ፣ ለምሰሶ ነው ወይ ብዬሽ አውቃለሁ?» ይላታል፣ መወርወሪያውን ሳያቆም። እየሳቀች ትሄዳለች፤ በማግስቱ ደግሞ ትመጣለች።

በዚህ መሀል ወባ ያዘው። ደገኛ ነው፤ ቆላው ከገላው ጋር ታርቆ አያውቅም። እንደ ሌላው ጊዜ ይለቀዋል ብለን ነበር። በሳምንቱ ቀበርነው።

ታላቅ ወንድሙ፣ እሱም ሸማኔ ነው፣ ከጨንቻ ወርዶ አብሮኝ ሲያዝን ሰነበተ። አንድ ቀን ድሩ ፊት ተቀመጠና፣ «የቀረው አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ልጨርስለት» አለኝ።

«ተው ጋሼ፣ ያንተ ምት ከሱ ምት ጋር አይገጥምም» አልኩት።

የእጅ ጽሑፍ ከሰው ሰው እንደሚለየው ሸማኔም ማጉን የሚጠቀጥቅበት ምት ይለያል። እስከዚህ እሱ ነበር፣ ከዚህ ወዲያ የለም ብሎ ልብሱ እንዲያሳብቅብኝ አልፈለግሁም። ጋሼ አልተቆጣኝም። ምላጭ አምጥቶ ድሩን ራሱ ቆረጠልኝ፣ ጫፉንም ቋጨው።

ጳጳሱ አዲሱን መሠዊያ ሊባርኩ የሚመጡበት ቀን ትንሽ ሲቀረው፣ ከካህናችን ጋር ሆነን ልብሱን ድንጋዩ ላይ ዘረጋነው። ጎዶሎ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ድንጋዩ የሚያዝንልኝ ይመስል ተስፋ አድርጌ ነበር። ወደ ቀኝ ስንስበው ግራው ይራቆታል፣ ወደ ግራ ስንስበው ቀኙ። አባ ልብሱን አጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ለመሠዊያው ሌላ ልብስ አለ» አሉኝ። «ይሄን ወደ ቤትሽ ውሰጂው፤ ማስታወሻሽ ይሁን። ያለዚያ ጳጳሱ ድንጋዩን ሜሮን ከቀቡት በኋላ የሚጠርጉበት ይሁን። ግን ልንገርሽ፤ ሜሮን የነካው ጨርቅ ወደ ቤት አይመለስም። ይቃጠላል።»

ቤት ወስጄ ሳጥኑን ከፈትኩ። የሱ ኮት አለ፣ የሱ ሱሪ አለ። እነዚያ የራሱ ናቸው፤ ይቀመጡልኝ። ይሄኛውን ግን ለማን እንደሚሠራው በገዛ አፉ ተናግሯል። ሳጥኑን ዘግቼ ልብሱን ይዤው ተመለስኩ።

በቡራኬው ዕለት መሠዊያው ራቁቱን ቆሞ ጠበቀን። ጳጳሱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሜሮኑን አፈሰሱና ድንጋዩን በመዳፋቸው አሹት፤ ሽታው እኛ ያለንበት ድረስ መጣ። ከዚያ ልብሱን ተቀብለው ድንጋዩን ጠረጉበት። ፊታቸውን አላየሁም፤ እጃቸውን ነበር የማየው። ስንቱን ቀን የፈተልኩት ነጭ ፈትል ዘይቱን እየጠጣ ወየበ። አባ ያሉት ሌላው ልብስ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ዳንቴል፣ ተነጠፈ፣ ሻማው በራ፣ ሴቱ እልል አለ። 

ከቅዳሴው በኋላ አባ ልብሱን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በሸክላ ወጭት አድርገው ለኮሱት። ዘይት የነካው ወዲያው ተንቦገቦገ። ደረቁ ግን ከጠርዙ እየጠቆረ፣ እየጨሰ፣ አልነድም አለ።

ጋሼ አጠገቤ ቆሟል። «አየሽ፣ ጠቅጥቆ ነው የመታው» አለኝ። «አባን እምቢ እያላቸው ነው እኮ።» 

አባ ሊያገላብጡት እንጨት አነሱ።

«ተዉት አባ፣ በራሱ ጊዜ ይለቅ» አልኳቸው።

እንጨቱን መሬት አስቀመጡ። በወዲያኛው በኩል ሕዝቡ ለበዓሉ የተጠመቀውን ቦርዴ እየቀዳ ይጠራራል፤ ስማችንንም ጠርተዋል መሰለኝ። ሦስታችንም አልተንቀሳቀስንም።