ብዙአየሁና የቅንጭቡ ወተት

ብዙአየሁ አበባ ስትሸጥ ዛሬ ያያት ሰው መርማሪ ፖሊስ ትመስለዋለች። «ቤት ውስጥ ልጅ አለ? ውሻስ? ድመትስ?» እያለች ታፋጥጣለች። «ውሻ አለኝ» ያላትን እሬቱን እንኳ ከእጁ ትነጥቀዋለች፤ ውሻ ከበላው ያስቀምጠዋል። ያቺን ነጠብጣብ ያለባትን ሰፊ ቅጠል «ያኘካት ሰው ምላሱ ያብጣል» ትልና በምትኩ ፈርን ወይም በሶብላ ታሸክመዋለች። በቀደም አንዲት ሴትዮ «አበባ ልገዛ ነው እንጂ ልዳር መጣሁ እንዴ?» አለቻት። ሁላችንም ሳቅን። ብዙአየሁ አልሳቀችም። ግራ ክንዷ ዛሬም በደንብ አይታጠፍም።

እኔ ዓለማየሁ እባላለሁ። ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከእሷ አጠገብ፣ የቀለም ባልዲ እየቆረጥኩ የአበባ መትከያ እሠራለሁ። ቁጡ ነኝ፤ ሚስቴ «አንተ ክብሪት ይዘህ ነው የተወለድከው» ትለኛለች። ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ብዙአየሁ ነው፤ የእኔም ጉድ መግባቱ አልቀረም።

ብዙአየሁ የሲዳማ ገጠር ልጅ ናት። አባቷ ግቢውን ያጠረው በቅንጭብ ነበር። ቅንጭብ ውሃ አይለምንም፣ ፍየል አይደፍረውም፤ ሲሰበር ግን ነጭ ወተት ይተፋል፣ ያ ወተት ዓይን ከገባ ጉድ ነው። በእሷ አገር ልጅ መዳህ ሲጀምር የመጀመሪያው ቁጣ «ቅንጭብ አትንካ!» ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሐዋሳ መጥታ ሰው ቤት ተቀጠረች። ተሰደበች፣ ተደበደበች፤ አንድ ቀን የሚመቱበትን ማማሰያ ነጥቃ ለሁለት ሰብራ ወጣች። ከዚያ በሦስት ጣሳ የጀመረችው አበባ ዛሬ የመንገዱን ዳር ሞልቶታል።

አምና ቅንጭብ ፋሽን ሆነ። ካፌ ውስጥ በነጭ ባልዲ ቆሞ ያዩት የከተማ ሰዎች «ያ እንደ እርሳስ የቀጠነው» እያሉ ይመጡ ጀመር። ሙሉጌታም እንዲሁ መጣ። ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ተወልዶ ፎቅ ላይ ያደገ ጨዋ ሰው ነው። «እናት፣ ውሃ ባላጠጣውም የማይሞት ስጪኝ» አላት። ሰጠችው። ስለ ወተቱ ትንፍሽ አላለችም። ጢም ላወጣ ሰው «ቅንጭብ ያቃጥላል» ማለት «እሳት ይፈጃል» ብሎ መምከር ነው። ነውር ነው፤ ሰውየውን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ግድም፣ አንዲት መኪና ባልዲዎቼን ደፍጥጣ ቆመች። ሙሉጌታ ፌሮ ብረት ይዞ ወረደ።

«ልጄን አሳወርሻት!» አለና ዞር ሳትል ትከሻዋን መታት። ሁለተኛውን ለጭንቅላቷ ሲሰነዝር በግራ ክንዷ ከለከለችው። አጥንቱ ቀሽ ሲል እኔ ከተቀመጥኩበት ሰማሁት። የብረቱ ጫፍ ጆሮዋ አጠገብ ተርትሯት ደሙ አንገቷ ውስጥ ገባ። ወደቀች። እሱ ግን አልበቃውም፤ አበባውን ይፈጀው ጀመር። ጽጌረዳውን፣ ፈርኑን፣ ያገኘውን ሁሉ።

«ቅንጭቡን ተው! ቅንጭቡን አትምታ!» ብላ ከመሬት ጮኸች። ለንብረቷ የሳሳች መሰለን። ለእሱም እንደዚያው መሰለው፤ ብረቱን በሁለት እጁ አንስቶ ትልቁን ቅንጭብ ወገቡን አለው። ወተቱ ፊቱ ላይ ተረጨ።

ሰው እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ብረቱን ጥሎ ዓይኑን ያሻል፤ ባሸ ቁጥር ይብስበታል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ጎኑን በርግጫ ብዬ ጣልኩትና ደረቱ ላይ ተቀምጬ ፊቱን በቡጢ ነረትኩት። የተሰበሰበው ሰው «በለው!» ይላል። ስልኩ ከኪሱ ወድቆ አፈር ላይ ይጠራል። «ሩታ» የሚል ስምና ከእሱ ጋር የተነሳችውን ፎቶ አየሁ፤ ሚስቱ መሆኗ ገባኝ። ተነሳሁና ስልኩን በተረከዜ ሁለቴ ረገጥኩት። ዝም አለ። ለምን እንዳደረግኩት ብትጠይቁኝ፣ የሱ የሆነ ነገር ሁሉ እንዲሰበር ስለፈለግኩ ነው። ተመልሼ ደረቱ ላይ ተቀመጥኩ።

ብዙአየሁ በደህና እጇ ጀሪካን እየጎተተች ደረሰች። «ጋሼ፣ ከላዩ ይውረዱ!» አለችኝ። አልወረድኩም። በትከሻዋ ገፍትራ ጣለችኝ። አንገቱን በጉልበቷ ተጭና ውሃውን ዓይኑ ውስጥ ለቀቀችው። ቢታገላትም አልለቀቀችውም።

«ግለጠው! ዓይንህን ግለጥ አልኩህ! ልጅቷን በውሃ አጠባችኋት?»

«ቅቤ ቀብተን በሻሽ አሰርነው» አለ እየተንሰቀሰቀ። «መኪና አምጥቼ ሐኪም ቤት ልወስዳት ነበር።» መኪናውን ሊያመጣ ወጥቶ ንዴቱ መሪውን ወደ እኛ አዙሮት ነው።

«ወተቱን እኮ ነው ያሰራችሁባት! ደውል! በውሃ እጠቢያት በላት!»

ኪሱን ዳበሰ። «ስልኬስ?»

ብዙአየሁ አፈሩ ላይ የደቀቀውን መስታወት አየች። ቀጥላ ጫማዬን አየች። ከቆመው ሰው ስልክ ተቀብላ «ቁጥሯን ንገረኝ» አለችው። የሚስቱን ቁጥር በቃሉ አያውቀውም፤ ዛሬ የማንን ቁጥር ማን ያውቃል?

ባጃጅ አስቁመን ተሳፈርን። ክንዷ ተንጠልጥሏል፤ እሱ ዓይኑን እንደጨፈነ «ከመናኸሪያው አልፎ፣ ሰማያዊ በር» ይላል። ቅዳሜ ነውና መንገዱ ታፍኗል። እኔ ከሹፌሩ አጠገብ ሆኜ መንገደኛውን ሁሉ እሰድባለሁ። እያንዳንዷ የቆምንባት ደቂቃ ከልጅቷ ዓይን ላይ እንደምትቀነስ አሁን ገብቶኛል።

ልጅቷ ሳያት ትባላለች፤ አምስት ዓመቷ ነው። የቤታቸው ቡችላ ባልዲውን ገልብጦ፣ እሷ የተሰበረውን ቅንጭብ ስታነሳ ወተቱ ዓይኗ ገብቶ ነው። ቡችላው አፉ አብጦ አልጋ ሥር ያላዝናል። በደም የተነከረች ሴት ዘላ ገብታ የልጇን ሻሽ ስትቀድ ያየችው ሩታ ወንበር አንስታ ጀርባዋን አለቻት። ብዙአየሁ ዞር አላለችም፤ ልጅቷን ቧንቧ ሥር ደፍታ ታጥባለች። ሳያት የተሰበረውን ክንድ ነከሰችው። ያኔ ብዙአየሁ እንደ እንስሳ አቃሰተች፤ ውሃውን ግን አላቋረጠችም።

የሙሉጌታ ዓይን ዳነ። የሳያት ቀኝ ዓይንም ዳነ። ግራው ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለያል። ሐኪሙ «ውሃው ሩብ ሰዓት ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ምናልባት» አለ። ይህን «ምናልባት» ይዤ ከረምኩ።

የሰፈር ሽማግሌዎች ነገሩን በአፊኒ እንጨርሰው አሉ። አፊኒ «ሰማችሁ?» ማለት ነው። በሲዳማ ወግ ሁሉም የሠራውን በራሱ አፍ ያወጣል፣ ሌላው ይሰማል፤ እውነት ያልወጣበት እርቅ አይጸናም። ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሙሉጌታ ምቱን አንድ በአንድ ተናገረ። የብዙአየሁ ተራ ሲደርስ ካሳ ትጠይቃለች ብለን ጠበቅን።

«እኔ አውቅ ነበር» አለች። «ልጅ እንዳለው አልጠየቅኩትም። ያቃጥላል አላልኩትም። ይህን የማያውቅ የለም ብዬ ነው። የሳያት ዓይን በእኔም እጅ ነው የጠፋው።»

ሽማግሌው «ያልተሰማ ነገር ይኖራል?» አሉ። ብዙአየሁ መሬት መሬት ታያለች። የስልኩን ነገር እስከዚያ ቀን ለማንም አልተናገረችም፤ ዝም ብል ዝም እንደምትል አውቃለሁ። ተነሳሁ።

«ሙሉጌታ፣ ስልክህ ወድቆ አይደለም የተሰበረው» አልኩ። «ሚስትህ እየደወለች ነበር። ስሟን እያየሁ ረገጥኩት።»

መጥቶ ፊቴ ቆመ። እጄን አላነሳሁም። አፌን በቡጢ መታኝ፤ ሁለት ጥርሴ ከነደማቸው ሣሩ ላይ ወደቁ። ከሽማግሌዎቹ ሊገላግል የተነሳ የለም፤ እኔም እንዲነሱ አልፈለግኩም። እሱ ተመልሶ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ብዙአየሁ በቀኝ እጇ ደግፋ አነሳችኝ። ውሃ አቀበለችኝ።

«ቶሎ ይታጠቡ፣ ጋሼ» አለች።