ወይኑና ባልንጀራው

የሺአረግ ወይን የምትጠምቅ የቄስ ልጅ ነበረች። ይህን ሰምታችሁ ፊታችሁን ያጨፈገጋችሁ ካላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም፤ የዘጌ ዘመዶቿም እንዲሁ አጨፍግገዋል። አባቷ ዘጌ ውስጥ ሲቀድሱ የኖሩ፣ በጾም ወራት ውሃ እንኳ በልክ የሚጠጡ ሰው ነበሩ። እሷ ግን ባሏን ወባ ሲነጥቃት አንድ ልጇን አዝላ ባሕር ዳር ገባች፤ በሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ወጥ ቤትም ተቀጠረች። ወጥ ቤቱን የሚያዘው ሲኞር ፒዮ የሚባል ጣሊያናዊ ነበር። ሲናደድ ማንኪያ የሚወረውር፣ ሲበርድለት ራሱ ጎንበስ ብሎ የሚያነሳ ሰው ነው። እጇ ስለጣመው የሚያውቀውን ሁሉ አስተማራት።

ካስተማራት ሁሉ ልቧ የገባው ማርሳላ የሚባለው ወይን ነው። ማርሳላ ተራ ወይን አይደለም፤ ጠንካራ መጠጥ ተጨምሮበት የበረታ፣ ጠይም፣ ጣፋጭ፣ በትንሽ ብርጭቆ የሚጠጣ ነው። ደርግ መጥቶ ሆቴሉ ሲወረስ ሲኞር ፒዮ ሻንጣውን አንጠልጥሎ አገሩ ገባ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ጠርሙስም ያን ጊዜ ቀረ። የሺአረግ ግን እሱ የለም ብላ የምትተው ሴት አልነበረችም። ቀይ ወይን ገዛች፤ ዘቢብ ዘፈዘፈችበት፤ ስኳር አሳርራ ጨመረች፤ በላዩ ዳግም አረቄ አፍስሳበት ትልቁን ዳምጃን ሞላችና አፉን አሽጋ ከአልጋዋ ሥር አስቀመጠችው። የመጀመሪያው ሙከራ ራስ የሚፈልጥ ነገር ወጣው። ስትለዋውጥ፣ ስትቀንስ፣ ስትጨምር ከርማ በመጨረሻ ሲኞር ፒዮ ቢቀምሰው ማንኪያ የማይወረውርበት ወይን አወጣች።

ጭንቁ ግን ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ወይን ብቻውን ሲጠጣ አፍ ላይ ይከብዳል፤ የሚስማማው ምግብ ካልተገኘለት ልፋቱ ከንቱ ነው። በዶሮ ወጥ ሞከረችው፤ በርበሬው አረቄውን ቀሰቀሰና ጉሮሮ አቃጠለ። በጣና ዓሣ ሞከረችው፤ ዓሣው ሸተተ። በማር ሞከረችው፤ ጣፋጭ በጣፋጭ ላይ ሆኖ አፍ ታከተ። ለውዝ ተስማማው፤ ጨው የበዛበት ፎርማጆ ደግሞ የበለጠ ተስማማው። ጉበት ግን ሌላ ነገር ነው። በለጋ ቅቤ ቶሎ ተጠብሶ፣ መሃሉ ሳይደርቅ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ተነስንሶበት በትኩሱ ሲጎረስና ወይኑ ሲከተለው፣ የጉበቱ ምሬት የወይኑን ጣፋጭነት ይቆርጠዋል፤ ወይኑም ምሬቱን ያባብለዋል። የሺአረግ ጉበቱን «ባልንጀራው» ብላ ጠራችው። ወይኑ ያለ ባልንጀራው ከዳምጃኑ አይወጣም ብላም በቤቷ ሕግ አወጣች፤ በዚህ ሕግ ላይ ከቀበሌው ሊቀ መንበር የባሰች ግትር ነበረች።

ልጇ አስናቀ አድጎ ፋብሪካ ሲቀጠር በመጀመሪያ ደሞዙ የገዛው ጫማ አልነበረም፤ ጉበት ነው። ያን ቀን የራሱን ብርጭቆ ቀዳችለት። ጎረሰ፣ ተጎነጨ፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ እሷ ትጠብሳለች፣ እሱ ይቀምሳል። ዓይኑን ከጨፈነ ተሳክቷል ማለት ነው፤ ካልጨፈነ «እማየ፣ ጨው» ወይም «እማየ፣ ቆይቶብሻል» ይላታል። ሌላው ዓለም ስለ አብዮት ሲጮህ በዓባይ ማዶዋ ትንሽ ቤት እናትና ልጅ በጉበት ይከራከሩ ነበር። ደስተኞች ነበሩ።

ጾም ላይ ግን ቀልድ የለም። ዘመዶቿ «የፈረንጅ ጉበት ጠባሽ» እያሉ ያሟት ስለነበር በጾም በኩል ቀዳዳ ላለመስጠት ምላ ነበር። ሆቴል ለእንግዳ ሥጋ ስትሠራ እንኳ ረቡዕና ዓርብ አትቀምስም፤ ጨውን በማሽተት ብቻ ትለካለች። ይህን የሚያህል ጥንካሬ ባይኖራት ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ፤ ግን ሰውን ያለ ጥንካሬው ማሰብ ለተራኪ እንጂ ለሰውየው አይጠቅምም።

አስናቀ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሄደ። የሺአረግ ሲመለስ የሚከፈት ብላ አዲስ ዳምጃን ሞላችና አሸገች። ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በ1979 ዓ.ም. ፍልሰታ በተጋመሰ ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ከስቷል፤ አንገቱ ቀጥኗል፤ ሳቁ ግን የድሮው ነው። አቅፋ አልቅሳ፣ እግሩን አጥባ፣ ሽሮ ሠርታ አበላችው። ስለ ጦርነቱ ስትጠይቀው ስለ ጎረቤት ይጠይቃታል። ስንት ቀን እንደተፈቀደለት ስትጠይቀው «እንግዲህ እናያለን» አላት፤ እሷም እስከ ፍልሰታ ፍቺ እንደሚቆይ በልቧ ቆረጠች።

ሲመሽ ከአልጋው ሥር ያለውን ዳምጃን በእግሩ ነካ አደረገና ሳቀ።

«እማየ፣ ጉበት ከሆቴል አይጠፋም መቼም» አላት።

«በፍልሰታ? የቄስ ልጅ ነኝ እኮ፤ ምን ይሉኛል?»

«እንግዲያ ወይኑን ብቻ አቅምሽኝ። ቆሎ እየቆረጠምሁ እጠጣዋለሁ። ወይን ጾም አይሽርም።»

«እሱንም ያለ ባልንጀራው አላበላሸውም። ይህን ያህል ጠብቄበት! ጾሙ ይፈታ፤ ራሴ ጠብሸ በእጄ አጎርስሃለሁ።»

አስናቀ ትንሽ አያትና «እሺ እማየ» አለ። አልለመናትም። ቢለምናት ምን ታደርግ እንደነበር እሷ ራሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠይቅ ኖራለች፤ እኔ ልመልስላት አልችልም። ያን ምሽት ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ሲኞር ፒዮ ማንኪያ ሲያወሩ አምሽተው ተኙ።

ጎህ ሳይቀድ ኪዳን ልታደርስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣች። ስትመለስ አልጋው ተነጥፏል፤ ቦርሳው የለም። ጎረቤቷ ወለላ በሩ ላይ ቁማ ታለቅሳለች። ፈቃዱ የአንድ ሌሊት ብቻ ነበር፤ መኪናው ንጋት ላይ ይነሳ ነበር፤ እናቱ ስታለቅስ ማየት ስላልቻለ ለወለላ ብቻ ነግሮ ሄዷል። የሺአረግ ነጠላዋን እንዳጣፋች እስከ መናኸሪያ ሮጠች። መኪናው ሄዷል። እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ጮኸች።

በተከታዩ ዓመት ከፋሲካ በፊት መርዶው መጣ። ጎረቤት በማለዳ ተሰብስቦ፣ የቀበሌው ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ አረዳት። አስከሬን የለም፤ መቃብር የለም፤ ፎቶውን አስቀምጠው አለቀሱ። ለቅሶው እንዳበቃ ወደ ነፍስ አባቷ ወደ መምሬ ወልደ ዮሐንስ ሄደችና በፍልሰታ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ጠንካራ ልጅ፣ ጾምሽን ጠበቅሽ እንዲሏት ነበር የፈለገችው። ሽማግሌው ግን፣ «መንገደኛ ነበር፤ ወደ ሞት የሚሄድ ወታደር ነበር። መጥተሽ ብትጠይቂኝ በፈቀድሁልሽ ነበር» አሏት። ክፋት የላቸውም፤ እውነት መናገራቸው ነው። የሺአረግ ግን ቤቷ ገብታ ዳምጃኑን ጎትታ አወጣችና ተሸክማ ወደ ዓባይ ወረደች። ማኅተሙን ሰብራ እስከ መጨረሻው ጠብታ ደፋችው። ያዩዋት ሰዎች አበደች አሉ። ከዚያ ወዲህ ወይን አልጠመቀችም፤ ሆቴልም ጉበት ሲታዘዝ ሌላ ሰው ታስጠብሳለች።

ዓመት አልፎ ጥቅምት ላይ አዘዘ የሚባል የደቅ ልጅ ቤቷን አጠያይቆ መጣ። የግራ እጁ ከክንዱ ተቆርጧል፤ ከጦሩ ተሰናብቶ በጀልባ ወደ ደሴቱ ሊሻገር ነው። ከአስናቀ ጋር በአንድ ምሽግ እንደነበሩ ሲነግራት ቤቱን አስገብታ አስቀመጠችው፤ ጠላ ቀዳችለት፤ እሷ ግን መቀመጥ አልቻለችም።

አዘዘ ስለ አሟሟቱ ብዙ አልተናገረም፤ ቶሎ እንደነበር ብቻ ነገራት። ያወራላት ስለ ወይኑ ነው። ደረቅ ኮቾሮ እየቆረጠሙ ሲውሉ አስናቀ ፈቃድ ወጥቶ በተመለሰ ጊዜ የበላውን ይተርክላቸው ነበር አለ። ቅቤው እንዴት እንደተንጫጫ፣ ጉበቱ መሃሉ እንዴት እንደለሰለሰ፣ ወይኑ መጀመሪያ ቆንጠጥ አድርጎ ኋላ እንዴት እንደሚጣፍጥ። ደጋግመው ያስተርኩት ነበር። ሲተርክ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እነሱም አብረውት ይጨፍናሉ።

«አንድ ነገር ብቻ አላመንነውም» አላት አዘዘ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በፍልሰታ የቄስ ልጅ ጉበት አትጠብስም ብለን ተከራከርነው። እሱ ግን ‹እማየ ልጄ ከጾሜ ይበልጥብኛል ብላ በእጇ አጎረሰችኝ› አለን። እውነት እንደዚያ አሉት፣ እማማ?»

የሺአረግ የጎደለውን ጠላ ሞላችለት። ልጇ እሷ ያልሰጠችውን በራሱ አፍ ፈጥሮ፣ እዚያ በረሃ ላይ ለሰው ሲያካፍል ኖሯል። እንድትከበር ብሎ ይሁን ወይም ርቦት፣ ማወቂያ የላትም።

«አዎ» አለች። «ብየዋለሁ።»

አዘዘ እፎይ አለ። ጠላውን ጨርሶ ተነሳ፤ የጀልባው ሰዓት ደርሶ ነበር። እስከ ሐይቁ ዳር ሸኘችው፤ ስንቅም ቋጠረችለት።

የሺአረግ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖራለች። በየጊዜው መምሬ ወልደ ዮሐንስ ዘንድ እየሄደች ቁጣዋን፣ ሐሜቷን፣ በቅዳሴ መሃል የተበተነ ሐሳቧን ሳይቀር ትናዘዛለች። ለአዘዘ የመለሰችለትን ግን አንድም ቀን አልተናዘዘችም። ከተናዘዘች ውሸት ነበር ማለት ይሆንባታል።