ማውጫው ውስጥ ያልነበረው ገበሬ

መጽሐፉ ሽፋን አልነበረውም። አስጎብኚ ጓደኛዬ አንድ ቱሪስት ሻንጣው ከብዶበት ሆቴል ጥሎት የሄደውን አንስቶ፣ ደባርቅ ውስጥ ወደምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ይዞልኝ መጣ።

«ግጥም መስሎኝ ነው፤ ጽሑፉ አጫጭር ነው» አለኝ።

ግጥም አልነበረም። በፊልም፣ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ የቀረቡ የሳይንስ ልብወለዶች በፊደል ተራ የተሰበሰቡበት የእንግሊዝኛ ማውጫ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ አምስት ስድስት መስመር ተሰጥቶታል፤ ማን ሠራው፣ ስለ ምን ይተርካል፣ ይረባል ወይስ አይረባም። አዘጋጁ ምሕረት የለውም። ስለ አንዱ ፊልም ሲጽፍ ከሰዎቹ ይልቅ ጭራቁ የተሻለ መተወኑን ይናገራል።

መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ከተዘረዘሩት ፊልሞች አንዱንም አላየሁም፤ የእኛ ቪዲዮ ቤት የሚያሳየው ድብድብና የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ስለዚህ ፊልሞቹን የምሠራቸው እኔ ነበርኩ። ዝናብ በቁልፍ የሚከፈትባት ከተማ፣ ጥላቸውን ተከራይተው የሚኖሩ ሰዎች፤ መጽሐፉ አምስት መስመር ይሰጠኛል፣ ሌላውን ከዚሁ ከአካባቢዬ እሞላለሁ። በጉም ቀን ሊማሊሞን የሚወርድ የጭነት መኪና መብራት ያየ ሰው፣ ሌላ ዓለም ላይ የሚያርፍ መርከብ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ የሬዲዮው ክፍል ነው። ከአንዳንዶቹ ርእሶች ጎን ትንሽ ምልክት አለች። መግቢያውን መልሼ ሳነብ ትርጉሟን አገኘሁት፤ የድራማው ቅጂ ጠፍቷል፣ የተጻፈው ከሰሙት ሰዎች ተጠይቆ ነው ማለት ነው። ድምፁ የለም፤ ሰሚው ግን አለ። ይህ ነገር ለቀናት ከአእምሮዬ አልወጣም።

ዳባት እናቴ ጋ ስሄድ መጽሐፉን አልለይም ነበር። የእናቴ ጎረቤት በዕድሜ የገፉ ልብስ ሰፊ ናቸው። የገበያው ሙስሊም ነጋዴ ሁሉ ሱሪውን የሚያሳጥረው፣ የአጥቢያው ቄስ ካባቸውን የሚያሰፉት እሳቸው ጋ ነው። በረንዳቸው ላይ ተቀምጬ ሳነብ አዩኝ።

«ምንድን ነው እንዲህ ያጎነበሰህ?»

«የሰማይ ወሬ ነው ጋሼ። ሰው ወደ ኮከብ ሲሄድ የሚያሳዩ ፊልሞች ዝርዝር።»

«ሬዲዮስ አለበት?»

«አለበት።»

መቀሱን አስቀመጡ። «እስቲ ጨረቃ ላይ በበሬ ያረሰውን ገበሬ ፈልግልኝ።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወጣትነታቸው፣ ሙያውን ሲማሩ፣ አሠልጣኛቸው ሱቁ ግድግዳ ላይ ሬዲዮ ሰቅለው ነበር። በዚያ ሬዲዮ አንድ ድራማ ሰሙ። መሬቱ ያለቀበት ገበሬ ጥንድ በሬውን ይዞ ጨረቃ ላይ ይወጣል፤ ባለቤት የሌለው ሰፊ ሜዳ ያገኝና ያርሳል፤ አፈሩ ግን እንደ አመድ ይበንናል። «የለበሰው ልብስ ደግሞ ስፌት የለውም» አሉኝ። «ስፌት የሌለው ልብስ! እኔ ያኔ ቁልፍ መትከል ገና እየለመድኩ ነበር። ይህን እንዴት እረሳዋለሁ?»

ጎንደር የምትኖር ሴት ልጃቸው ግን ድራማውን አላመነችም። እሳቸው በቅርቡ የአንዱን ሰው ኮት ለሌላ ሰጥተዋል፤ የደንበኛ ስምም ይጠፋባቸዋል። ሐኪም ዘንድ ስትወስዳቸው ስለ ጨረቃው ገበሬ አወሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቷ ያልነበረ ነገር ማየት እንደጀመሩ ቆጠረችው። ሱቁን ዘግታ ወደ ጎንደር ልትወስዳቸው ወሰነች።

«ስም እረሳለሁ፣ አልክድም» አሉኝ። «ያልሰማሁትን ግን ሰማሁ አልልም። መጽሐፍህ ውስጥ ከተገኘ አሳያታለሁ። ካልተገኘ ግን ልጄ፣ እኔም ራሴን መጠርጠሬ አይቀርም። መቀሱን አስረክቤ እሄዳለሁ።»

መጽሐፉን እንደ አዲስ ገለጥኩት። በጨረቃ ፈለግኩ፣ በገበሬ ፈለግኩ፣ በበሬ ፈለግኩ። የሚናገር ዛፍ አለ፣ ፈላስፋ ድመት አለ፤ የሚያርስ በሬ የለም። የሌላው ዓለም ሬዲዮ እንጂ የእኛው በዚያ መጽሐፍ ጭራሽ አልነበረም። ያን ጊዜ ያቺ ትንሽ ምልክት ትዝ አለችኝ፤ የሰማ ሰው መፈለግ ነበረብኝ።

ደባርቅም ዳባትም ያገኘሁትን ሽማግሌ ሁሉ ጠየቅኩ። «ድሮ በሬዲዮ ስለ ጠፈር የቀረበ ድራማ ያስታውሳሉ?» ጡረታ የወጡ አስተማሪ «የለም» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ የቤተ ክርስቲያን አለቃ ደግሞ፣ «ለእኛ ጠፈሩ ራሱ ሬዲዮው ነበር፤ ከየት ሆኖ እንደሚያወራ ማን ያውቅ ነበር?» ብለው አሳቁኝ። የሚያስታውስ አልተገኘም። ልጅቱ የምትመጣበት ሳምንት ደረሰ።

የዚያን ሳምንት የገበያ ቀን ከደባርቅ ወደ ዳባት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ ከጃናሞራ የመጡ አሮጊት ተቀምጠዋል። ዳባት የወለደች ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው፤ ቅቤና የገንፎ ዱቄት በቅርጫት ታቅፈዋል። መጽሐፉን ገለጥኩ። ገጹ ላይ የአንድ የቆየ ፊልም ፎቶ ነበር፤ ባዶ፣ ግራጫ፣ የተቦረቦረ ሜዳ፣ መሐሉ ላይ የቆመ ሰው።

አሮጊቷ አንገታቸውን አስግገው አዩት። «ይኸ እርከን ያልሠሩበት አገር ነው» አሉ።

«ጨረቃ ነች እማማ።»

«አውቃለሁ። ታዲያ ጨረቃ እርከን አላት? ገበሬውስ ያለው ይህንኑ አይደል? ‹እኛም ካልካብን አገራችን እንዲህ ትቀራለች› አለ እኮ።»

«የትኛው ገበሬ?»

«የሬዲዮው ነዋ።»

ረዳቱ ከበሩ ዞሮ፣ «እማማ፣ እኛ ዳባት ድረስ ብቻ ነን፤ ጨረቃ የሚሄድ እዚህ ይውረድ» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ መጽሐፉን ዘግቼ አዳመጥኩ። የልማት ሠራተኛ ሬዲዮ በበቅሎ ጭኖ መንደራቸው ይመጣ ነበር። ድንጋይ ከመሸከማቸው በፊት ሰብስቦ የገበሬዎችን ዝግጅት ያሰማቸዋል። ገበሬውን የሰሙ ቀን የካቡትን እርከን የመንደሩ ሰው እስከ ዛሬ የጨረቃ እርከን ይለዋል።

የተሳሳተው ጥያቄዬ ነበር። እኔ እንደ መጽሐፉ በጠፈር በኩል ስፈልግ፣ የሰሙት ሰዎች ነገሩን በእርከን በኩል አስቀምጠውታል። ልብስ ሰፊው ደግሞ መሬት የላቸውም፤ እርከኑን ትተው ልብሱን ይዘው ቀሩ።

ዳባት ስንወርድ ልብስ ሰፊው ሱቅ ድረስ እንዲመጡልኝ ለመንኳቸው። «አራሷ ትጠብቀኛለች» አሉ። ሱቁ መንገዳቸው ላይ መሆኑን ስነግራቸው ቅርጫቱን አሸከሙኝና ተከተሉኝ። ልብስ ሰፊው ምን እንዳሉኝ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስኩላቸውም።

ሴት ልጃቸው ከጎንደር ደርሳ ጨርቁን እያጠፈች በካርቶን ትከታለች። አባቷ ወንበር ላይ እጃቸውን አጣምረው ያዩዋታል።

«ጋሼ፣ እኚህ እናት ገበሬውን ሰምተውታል» አልኩ።

ልጅቱ ቀና አለች። «ነግረሃቸው ነው ያመጣሃቸው?»

«ምኑን ይነግረኛል?» አሉ አሮጊቷ በረንዳው ላይ እየተቀመጡ። «እሱ ያኔ መች ተወለደና? ሁለት ቀይ በሬ ይዞ ወጣ፤ እኔ እነግረዋለሁ እንጂ።»

ልብስ ሰፊው ከወንበራቸው ተነሡ። «አንዱ ጥቁር ነው እሜቴ።»

«ሁለቱም ቀይ ናቸው።»

«ቀይና ጥቁር። ጥቁሩ ነው አልሄድም ብሎ ያስቸገረው።»

«ያስቸገረውስ ሚስቱ ናት! አንቱ የሰሙት ሱቅ ውስጥ ይሆናል፤ የስፌት መኪናው እየጮኸብዎ ምኑን ሰሙት?»

«ልብሱስ? ስፌት ነበረው?»

«ልብሱን እንጃ። ድንጋይ ልሸከም የቆምኩ ሰው ለልብስ ምን ጆሮ አለኝ?»

ሽማግሌው ፊታቸው ፈካ። ለወራት ሲያወሩ ሰው ሁሉ ‹እሺ፣ እሺ› እያለ ያልፋቸው ነበር። ተሳስተዋል ብሎ የተከራከራቸው የመጀመሪያ ሰው እኚህ አሮጊት ናቸው።

ልጅቱ ግን አሁንም በጥርጣሬ ታያቸው ነበር። ያጠፈችውን ጨርቅ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «ጨረቃ ላይ አየር የለም» አለች። «በሬዎቹ በምን ተነፈሱ?»

«በቅል» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አሮጊቷ እጃቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው አሳዩ፤ «ቀዳዳ ቅል፣ እዚህ ጋ በቆዳ ጠፍር ታስሮላቸው»፤ ልብስ ሰፊው ደግሞ፣ «የአገራቸውን ነፋስ ሞልቶ ነው ያሰረላቸው» ብለው ጨመሩ። ነፋሱ ከየት ተቀዳ በሚለው እንደገና ተጣሉ።

ልጅቱ ካርቶኑን በእግሯ ገፋ አድርጋ በረንዳው ላይ ከአሮጊቷ ጎን ተቀመጠች።

«ቆይ አባዬ» አለች። «እሳቸው ሳይሄዱ ከመጀመሪያው ንገሩኝ።»

እኔ ቅርጫቱን ይዤ ወደ አራሷ ቤት ሄድኩ፤ እናቷ ትንሽ እንደሚዘገዩ መንገር ነበረብኝ። ስመለስ ሽማግሌው ቆመው ያወራሉ፤ መቀሱም ካርቶን ውስጥ ሳይገባ ጠረጴዛው ላይ ነበር።