የጠፋው በሬ እና የእኔ ሁለተኛ ዲግሪ

ነገሩ የሆነው ካቻምና በሐምሌ ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው በሬ ስለጠፋ አይደለም። በሬ ይጠፋል፣ ይገኛልም። ያልወጣልኝ በሬው ከተገኘ በኋላ ባየሁት ነገር የተነሣ ነው።

ወረታ ላይ የሥነ ዜጋ መምህርት ነኝ። በዚያ ዓመት በወንጀል ጥናትና በወንጀል ፍትሕ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ተቀባይነት አገኘሁ። ትምህርት ክፍሉ የምማርበትን ዘርፍ መርጬ እስከ ሐምሌ መጨረሻ እንዳሳውቅ ነገረኝ። ብዙ ሰው የሚጋፋው የወንጀል ምርመራን ነው። የእስረኞች አያያዝና ከእስር ከወጡ በኋላ ወደ ኑሯቸው የሚመለሱበትን መንገድ የሚያጠናው ዘርፍ ግን ፈላጊ የለውም። የክፍሉ ኃላፊ ራሱ ስሙን የጠራልኝ እንዲያው ለወጉ ያህል ነበር።

ዝም ብዬ አንዱን መርጬ ብልክ ኖሮ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ቁሐር ሚካኤል ወላጆቼ ቤት ሄጄ ምርጫውን ለዘመድ አወራሁት። ዘመድ ደግሞ ምክር ሲጠየቅ አይሰስትም።

እናቴ ሌባና ነፍሰ ገዳይ የሌለበት ወንጀል ካለ እሱን እንድማር ፈለገች። አክስቴ እትየ ጥሩ ሰው የሚያስፈታውን ዘርፍ ነው የወደዱት፤ የዘመድ ልጅ መቼ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም ብለው። ባላቸው አያ ስንሻው፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ነገሩን በአንድ ቃል ሊዘጉት ፈለጉ።

«ኧረ ልጄዋ፣ ሌባ የሚያሲዘውን ተማሪ! እስረኛ ይታሰራል እንጂ ምኑ ይጠናል?»

በማግስቱ የአያ ስንሻው ቡሬ የሚባለው በሬ ጠፋ። ማታ ሜዳው ላይ ነበር፤ ጠዋት የለም።

የሆነውን ልይ ብዬ ስሄድ አያ ስንሻው አንድ ሳፋ መሬት ላይ ደፍተው ሲጠብቁኝ ደረስሁ። ሳፋውን ቀስ ብለው አነሡት። ከሥሩ ኮቴ አለ።

«ለምርመራ ይሆንሻል ብለን ዝናብ እንዳይመታው ከልለነዋል» አሉኝ።

በሐምሌ የፎገራ ሜዳ ላይ ከኮቴ የሚበዛ ነገር ቢኖር ትንኝ ብቻ ነው። ገና ትምህርቱን አልጀመርሁም ብላቸውም የሚሰማኝ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ ኮቴውን አየሁት። የከብት ነው አልኋቸው። በጣም ደስ አላቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ተጠራ። ለማያውቅ ሰው፣ አውጫጭኝ ማለት ከብት ወይም ዕቃ ሲጠፋ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ሌባውን የሚያወጣበት ሥርዓት ነው። ጥቆማው ለተመረጡ ሽማግሌዎች በምስጢር ይደርሳል። ጠቋሚው «ወፍ» ይባላል። ወፍ ስሙ አይነገርም፣ አይጠየቅም፣ አይከሰስምም። እኔን የወንጀል ተማሪ ናት ብለው ከሽማግሌዎቹ አጠገብ አስቀመጡኝ።

ወፏ ብዙ አላደከመቻቸውም። ካሴን አመጣች።

ካሴ የቦይ ውኃ ጠብ ላይ ሰው ፈንክቶ ታስሮ፣ ጊዜውን ጨርሶ የወጣ ገበሬ ነው። የሰው ዶሮ እንኳ ነክቶ አያውቅም። እንዲያውም ስሙ ሲጠራ ከአጠገቡ ካለው ሰው ጋር እያወራ ነበር፤ ዞሮ «እኔን ነው?» አለ።

«ወፏ ምን አየች?» ብዬ ጠየቅሁ።

«በዚያ ምሽት ካሴን ከውኃው ዳር አይታዋለች» አሉኝ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ።

«ማሳው እዚያው ውኃው ዳር አይደለም እንዴ?»

«ማሳውማ እዚያው ነው» አሉ ረጋ ብለው። ከዚያ በላይ የሚያስጨንቃቸው ነገር አልነበረም።

ካሴ በሚካኤል ስም ልማል አለ። አንድ ጊዜ እስር ቤት የገባ ሰው መሐላው ምን ይታመናል ተባለ። አያ ስንሻውም ተነሥተው «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» ሲሉ ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የካሴ አመል ዱላ እንጂ ዳቦ አልነበረም። ግን ተረት ከተተረተ በኋላ ማን ይከራከራል?

ካሴ በሬውን እስኪያመጣ ድረስ ማንም ከእሱ ጋር ወንፈል እንዳይገባ ተወሰነ። ይህ ቀላል ቅጣት አይደለም። ሩዝ የሚታረመው በወንፈል ነው፤ ዛሬ ሁሉም ለአንዱ ያርማል፣ ነገ ለሌላው። በዚያ ሳምንት ተራው የካሴ ነበር። ሩዝ አረም ከቀደመው አለቀለት ማለት ነው፤ ካሴ ደግሞ ከዚያ ማሳ ሌላ ልጆቹን የሚያበላበት የለውም። ከስብሰባው ስንመለስ ካሴና ሚስቱ ስንዱ ሁለቱ ብቻቸውን ውኃ ውስጥ ቆመው አየኋቸው። በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ሰላምታውን ለሰማዩ ነበር የሚሰጠው።

በሳምንቱ ሐሙስ ቡሬ መጣ። ወፍሯል።

ይዞት የመጣው የእትየ ጥሩ ወንድም ነው። ከአለም በር ወዲያ ደጋው ላይ ይኖራል። በዚያ በሬው በጠፋበት ምሽት ሊጠይቃቸው እየመጣ ሳለ ሜዳውን ውኃ ሲሞላው በሬው ብቻውን ሜዳ ላይ ቆሞ አግኝቶታል። ወደ ቤት የሚያደርሰው መንገድ ተውጦ ስለነበር እንዳይሰምጥ ብሎ ወደ ደጋው ይዞት ተመለሰ። መልእክት ያስያዘውን ሰው ደግሞ ውኃው መልሶታል። የአያ ስንሻው ስልክ ሩዝ ማሳ ውስጥ ወድቆ ከሞተ ሰንብቷል።

ውኃ ሲሞላ ከብትን ደጋ ወዳለ ዘመድ ማሸሽ የእኛ አገር ሰው በየክረምቱ የሚያደርገው ነው። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብን የደጋውን ዘመድ ነው። ግን ሌባው ከተገኘ በኋላ በሬ የሚፈልግ ሞኝ የት አለ?

አያ ስንሻው በግ አረዱ። እነዚያው ሽማግሌዎች መጡ፣ መረቁ፣ በሉ። ስለ ካሴ የሚያነሣ ሰው ስጠብቅ ስጠብቅ ቆይቼ ራሴ አነሣሁት።

«አያ፣ ካሴን ይቅርታ አይጠይቁትም?»

«እኔ?» አሉ በእውነት ተገርመው። «እኔ ሰረቀ አልሁ? ያለችው ወፍ ናት።»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርሁ። «እናንተስ አውጫጭኝ ጠርታችሁ ስሙን አትመልሱለትም?»

«አውጫጭኝ ለማውጣት ነው እንጂ፣ ለመመለስ ተጠርቶ አያውቅም» አሉኝ ሰብሳቢው ሥጋቸውን እየቆረጡ። «ደግሞስ በሬው ተገኝቷል። ምን ቀረ?»

«ወንፈሉስ?»

«ራሱ መጥቶ ይግባ። ማን ከለከለው?»

እትየ ጥሩ ነገሩ ከብዷቸው ኖሮ ለካሴ ቤት ሥጋ ላኩ። ስንዱ ሥጋውን እንደተቋጠረ መለሰችው። ይሄኔ ሁሉም እፎይ አለ። «አያችሁ ልቡን! ድሮም እንዲህ ነው» ተባለ። በሬ ባይሰርቅም ክፉ ሰው መሆኑ ተረጋገጠ፤ አውጫጭኙም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም ማለት ነው።

በጣም ተናድጄ ወደ ቤት ሄጄ ምርጫዬን ለትምህርት ክፍሉ ስጽፍ አመሸሁ። አባቴ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ጠዋት ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በር ላይ ቆመና «ትመጫለሽ ወይስ ትጽፊያለሽ?» አለኝ። ተከትዬው ወደ ካሴ ማሳ ሄድሁ።

ካሴ ሲያየን ትንሽ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልን። አራት ሆነን ስናርም ዋልን። አረሙ ሩዙን በብዙ ቦታ አልፎት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደስ ይለው እንደሆነ ብዬ ምርጫዬን ነገርሁት። ስለ እስረኞች፣ ከእስር ወጥተው ወደ ኑሯቸው ስለሚመለሱበት መንገድ ልማር ነው አልሁት። ሜዳሊያ የምሸልመው ሳይመስለኝ አልቀረም።

ካሴ ቀና አላለም። የነቀለውን አረም አጥቦ ወደ ዳር ወረወረ።

«እስር ቤቱስ ደህና ነው እቴ» አለኝ። «የፈረዱብኝ ጊዜ ነበረው። ሲያልቅ በሩን ከፍተው ሂድ አሉኝ። እዚህ ግን መቼ እንደምፈታ የሚነግረኝ አጣሁ። ተምረሽ ካገኘሽው ንገሪኝ።»

አባቴ ማረሙን ቀጠለ።

በዚያ ዓመት ከካሴ ሩዝ ግማሹን አረም በላው። እኔም ያልሁትን ዘርፍ መረጥሁ፤ አሁን የመመረቂያ ጽሑፌ ብቻ ነው የቀረኝ። አያ ስንሻው ዛሬም ያዝኑልኛል፤ ይህን ያህል ተምሬ ሌባ መያዝ አለመቻሌ ያሳፍራቸዋል። በምርጫዬ አልቆጭም። ይሁን እንጂ ወረታ ገበያ ላይ ካሴን ከሩቅ ሳየው ሰላም ብዬው ቶሎ አልፋለሁ። «አገኘሽው?» እንዳይለኝ እፈራለሁ።