እምቢታዬን ልቅመሳት

ቡሬ ላይ ሲይዙኝ ነጩን ጋውኔን እንኳ አላወለቅሁም ነበር። ጤና ጣቢያ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ ላይ ነበርኩ። ፍኖተ ሰላም ወስደው አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። መጀመሪያ ያየሁት የሰዉን እጅ ነው። ሁሉም ያክካል።

በሁለተኛው ሳምንት እኔም ማከክ ጀመርኩ። ልብሳችንን እንድንቀቅል በርሜልና ማገዶ ስጡን ብለን ሦስት ጊዜ አመለከትን። ሦስቱንም ጊዜ የጥበቃው ኃላፊ «እስረኛ ሰበብ አያጣም» ብሎ መለሰን።

አብሮን የታሰረ አንድ የኅብረተሰብ ጤና መምህር ነበር፤ ዶክተሩ እንለዋለን። «ከእንግዲህ አቤቱታ የለም» አለኝ። «የጥናት ንድፍ አዘጋጅተን እናቀርባለን፤ የምትጽፈው አንተ ነህ። ጥያቄህ ምንድን ነው?»

«እከኩ የሚመላለስብን ከልብሱ ነው።»

«ይሄ መልስ ነው። እኔ ጥያቄህን ነው ያልኩህ።»

ተናደድኩ። በእከኩ ላይ ደግሞ ትምህርት! ግን ሌላ ሥራ አልነበረኝምና የብስኩት ካርቶን ላይ ስጽፍ ስሰርዝ አራት ቀን ፈጀሁ። በመጨረሻ «ልብስ ከመቀቀሉ በፊትና በኋላ በእከክ የሚሠቃየው ሰው ቁጥር ይለያያል ወይ?» ብዬ አነበብኩለት። ጥያቄ መጠየቅ ይህን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

«ጎሽ! አሁን የእያንዳንዱን ሰው ፈቃድ ጠይቅ» አለኝ።

ከጎኔ ከሚተኙት የቋሪት ገበሬ ጀመርኩ። «አባቴ፣ ለምርመራ ፈቃደኛ ነዎት?»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን አቅፈው ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ይብቃኝ ልጄ፣ ያወቅሁትን ሁሉ ተናግሬያለሁ።»

ለእኔ ምርመራ ማለት ማይክሮስኮፕ ነው። ለእርሳቸው ግን እስረኛ እየወሰዱ የሚያናዝዙበት ያ የማዶው ክፍል ነበር። በጣም አፈርኩ። ቃሉን ከካርቶኑ ላይ በጥፍሬ ፋቅሁት።

በማግስቱ ጠዋት እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ። «አባቴ፣ ስለ እከክዎ ልጠይቅዎት ነበር። ካልፈለጉ እምቢ ማለት ይችላሉ።»

«እዚህ ቤት እምቢ ማለት ይቻላል?»

«በዚህስ ይቻላል።»

«እንግዲያው እምቢ።»

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀኑን ሙሉ ቀና ብለው ተቀመጡ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጠሩኝ።

«በል ጻፈኝ። እምቢታዬን ልቅመሳት ብዬ ነው እንጂ።»

የፈቃድ መጠየቂያውን ጨምረን ስናቀርብለት ኃላፊው ካርቶኑን ቆሞ አነበበ። «‹እምቢ ማለት ይችላሉ› የሚለው ይውጣ» አለ።

ደነገጥኩ። ማገዶውም በርሜሉም በእጁ ነው። የሽማግሌው አቀማመጥ ግን ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

«እሱ ከወጣ ጥናት መሆኑ ይቀራል» አልኩት። «ምርመራ ነው የሚሆነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ ጠባቂው ዞረና «በርሜል ፈልጉላቸው» አለ፣ የገዛ እጁን አንጓ እያከከ።

ውሃው የፈላ ቀን ሽማግሌው ጋቢያቸውን በገዛ እጃቸው በርሜሉ ውስጥ ከተቱ። እኛ ጮቤ ረገጥን። ከወር በኋላ ዳግመኛ ስንጠይቅ አብዛኛው ሰው ሳያክክ ያድር ነበር። ዶክተሩ ውጤቱን ከካርቶኑ ጀርባ እኔው እንድጽፈው እስክሪብቶውን ሰጠኝ።

ከተፈታሁ ቆይቷል፤ ዛሬ ሥራዬ ይኸው የጤና ጥናት ነው። በቀደም ከቡሬ ወጣ ብላ የምትኖር አንዲት እናት ፈቃዷን ስጠይቃት እህሏን ማንፈሷን ሳታቋርጥ «እምቢ» አለችኝ። አመስግኜያት ተነሳሁ።

«ተቀየሙኝ እንዴ?» አለች።

«ኧረ ደስ አለኝ እንጂ» አልኳት። እውነቴን ነበር።